የነጯ ዳክዬ ቀብር

ኮቶ ራንታይ መንደር፣ ምዕራብ ሱማትራ
ጃንዋሪ 14፣ 1979

ለተከበረችው የልጅ ልጃችን ለዴስማ፣
ጃካርታ፣ ጨርቅ ገበያ፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ

በታላቅ ሐዘን የማሳውቅሽ ነገር ስላለ መቀሱን አስቀምጪና ከወንበርሽ ብድግ በይ። የግቢያችን እመቤት ነጯ ዳክዬ ባለፈው ዓርብ ጧት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። አንቺ አታውቂያትም፤ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ናት። መላ ግቢውን ስትቆጣ ኖራ፣ በመጨረሻ ምግብ እምቢ ብላ ሰንብታ፣ ዝናቡ ቆም ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አረፈች። ቀብሯ በዚያው ዕለት፣ ከቀትር ሶላት በፊት ተፈጸመ። ድግስ አልተደገሰም፤ እንግዳም አልተጠራም። የተጠቀለለችበት ነጭ ጨርቅ እኔ ለሌላ ጉዳይ ብዬ ከሳጥን ሥር ያኖርኩት፣ ከመካ የመጣልኝ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሁለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ጭቃው እየተናደ አበሳቸውን አሳያቸው። ያለቀስኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ሳል አስመስዬ።

ስለ ሟቿ ይህን ያህል ይበቃል።

አጎትሽ ለምን በድንገት እንደናፈቅሽው ጠይቀሽኛል። አጎትሽ ዳቱክ ራንካዮ የገዛ ልጄ ስለሆነ ጥፋቱ ከእኔ ጓዳ ነው የወጣው፤ ይቅርታ። ልጄ ሚኒባስ አምሮታል። ሚኒባሱ የሚወጣው ደግሞ ከሴት አያትሽ ማሳ ነው። ያ ማሳ የሴቶቹ ርስት ነው፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል እንጂ አይሸጥም። በመያዣ ለመስጠት እንኳ ወጋችን የሚፈቅደው ለአራት ነገር ብቻ ነው፦ የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ፣ የጎሳ አለቃ ሲሾም፣ የደረሰች ልጅ ባል አጥታ ስትቀመጥ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሬሳ ተጋድሞ መቅበሪያ ገንዘብ ሲጠፋ። ጣሪያውን እኔው ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። አለቃውም ያው እሱ ራሱ ነው፤ ተሹሞ አብቅቶ ጥምጣሙ ጠቦታል። የቀሩት ልጃገረድና ሬሳ ናቸው። ልጃገረዷ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እንዳትመጪ። የቤቱ ሴት አውራ ጣቷን ካላሳረፈች ማሳው አይነቃነቅም። አያትሽ እንደማታሳርፍ የታወቀ ነው፤ የምታሰጊኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ስታለቅሺ ሁሉን እሺ ትያለሽ። የጎረቤት ልጅ አስለቅሳሽ አሻንጉሊትሽንም ጫማሽንም አስረክበሽ በባዶ እግርሽ የመጣሽውን ቀን አልረሳሁትም።

አጎትሽ አሁን ፓዳንግ ነው፤ ሚኒባስ ሊመርጥ ሄዷል። ሲመለስ ቴሌግራም ይልክልሻል። «አያትሽ ታማለች» ወይም «አያትሽ ሞታለች» ይልሻል። ወደ ጃካርታ የሚመላለሱ የመንደራችን ነጋዴዎችም እንባቸውን ይዘው ይመጡልሻል። እኔ በገዛ እጄ «ነዪ» ብዬ ካልጻፍኩልሽ በቀር ከስፌት መኪናሽ እንዳትነሺ።

አያትሽን ጠይቀሻል። ሳሉ ለቋታል፤ አሁን ጥሩ ትተኛለች።

ይህን ደብዳቤ ብርቱካን ለሚጭነው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ከቴሌግራሙ ቀድሞ ይደርስሻል።

አያትሽ ሱታን ባጊንዶ


ጃካርታ
ፌብሩዋሪ 3፣ 1979

ይድረስ ለአያቴ ለሱታን ባጊንዶ፣

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በዳክዬዋ ሞት የተሰማኝ ሐዘን ልክ የለውም። ሦስት ሸሚዝ እያነባሁ ሰፍቼ የአንዱ እጅጌ ተገልብጦ ወጣ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፤ ዳክዬ በመካ ጨርቅ መገነዟን አያቴ ታውቃለች? እኔ የማውቃት አያቴ ብትሆን በዝንጅብልና በአረንጓዴ ቃሪያ ቀቅላ ነበር የምትቀብራት።

ቴሌግራሙ መጣ! «እናታችን አርፋለች። ቶሎ ነዪ። አጎትሽ።» በቃ፣ ይሄው ነው። እንዴት እንደሳቅኩ አይጠይቁኝ። ከጎኔ የምትሰፋው ልጅ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ። መኪናዬ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ፤ ክር በተበጠሰብኝ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁና ይቀለኛል።

ቃሪያ ነጋዴው ፓክ ኡዲንም መጣ፤ ልክ እንዳሉት፣ እንባውን አዘጋጅቶ። ደጃፌ ላይ ቆሞ፣

«ልጄ፣ እንግዲህ አላህ ያጽናሽ» አለኝ።

«ስንት ከፈሉህ?» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ዳቱክ እንደላከህ አውቄያለሁ። አፍንጫህን ጥረግና ሂድ፤ ደንበኛ ታባርርብኛለህ።»

የያዘውን ከረጢት ቃሪያ ደፉ ላይ አስቀመጠና ዘወር ብሎ ሄደ። ትወናው ግን እንዴት ግሩም ነበር መሰልዎ፤ ከኋላው ሳየው ትከሻው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊዎቹ በሙሉ አጨበጨብንለት። ቃሪያውንም ተካፈልነው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ይንገሩልኝ። ቀብረውሻል ይበሏት፤ የምትለውንም ስድቡን ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ልጃገረዷስ ይሁን፣ ሬሳ እንዴት አድርጎ ማሳ ይበላል?

የልጅ ልጅዎ ዴስማ


ኮቶ ራንታይ
ፌብሩዋሪ 21፣ 1979

ዴስማ፣

ደብዳቤሽን ይዤ አያትሽ ዘንድ ሄድኩና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። የቴሌግራሙንም፣ የፓክ ኡዲንንም፣ የጭብጨባውንም። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። እኔንም ከቤት አስወጥታኛለች። ምንጣፌን ጠቅልዬ ሱራው፣ የወንዶቹ መስገጃ ቤት ገብቻለሁ። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ቤት ወጥቼ የተኛሁባት ጥግ አሁንም አለች፤ ቁንጫዎቹ የልጅ ልጆቻቸውን አስተዋወቁኝ። አትዘኚልኝ፤ የወንድ ዕጣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው።

ሬሳ ማሳ እንዴት እንደሚበላ ጠይቀሻልና የቤታችሁን ታሪክ ስሚ። «ቤታችሁ» የምለው ባል በሚስቱ ቤት እንግዳ ስለሆነ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኩበት እንግዳ ነኝ።

የማሳችሁን ሰባት እርከን ከገደሉ ላይ የቆረጠችው የአያትሽ ቅድመ አያት ናት ይባላል። ውሸት ነው። የቆረጡት ባሎቿ ናቸው፤ እሷ ቆማ ስትሰድባቸው ነበር። ሦስት አገባች፤ የሦስቱም ወገብ እዚያው ቀረ። ሁለቱ ከላይኛው እርከን ሥር ተቀብረዋል፤ ሩዙ እዚያ ጋ ነው የሚያምረው።

ማሳውን መጀመሪያ የበላው የአያትሽ አጎት ሬሳ ነው። ሰውየው በኮሌራ ሞተ። ቤቱ ባዶ፣ ለቅሶ የመጣው ሕዝብ ብዙ። አበዳሪው ሃጂ መጣና የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። የአያትሽ እናት ዋጋ ጠራች። ሃጂው የሲሪህ ቅጠሉን እያኘከ፣

«ሟቹ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም፤ እኔም የለኝም» አላት። «እንጠብቅ።»

ቀኑ ሙቀት ነበር። እስከ ከሰዓት ድረስ ዝንቡ ለሃጂው ተከራከረለት። ማሳው በሲሶ ዋጋ ተያዘ።

ስንት ዓመት ለፍተው አስለቀቁት። አፍታም ሳይቆይ ልጃገረድ በላችው። የአያትሽ ታላቅ እህት ራቢያ ባል አጥታ ቀረችና ማሳው ተይዞ ባል ተገኘላት። ርግብ የሚያበር፣ ጸጉሩን በዘይት የሚያሽ መልከ መልካም ነበር። አንድ መኸር በልቶ ከነርግቦቹ ጠፋ። ራቢያ እስክትሞት ድረስ ርግብ በበረረ ቁጥር ቀና ትል ነበር። የመንደሩ ጎረምሳ ሆን ብሎ ርግብ ይለቅባት ጀመር። እኔም ሁለት ጊዜ ለቅቄያለሁ፤ ያስቅ ነበር።

አያትሽን ሳገባ ማሳው በሃጂው ልጅ እጅ ነበር። የሚስቴን መሬት እንደ ጭሰኛ አርሼ ግማሹን ለሰውየው አስረክባለሁ። በመጨረሻ ጎሼን ሸጬ አስለቀቅኩት። ያ ጎሽ ከወንድሜ ይበልጥብኝ ነበር፤ የገዛው ሥጋ ሻጭ ነው። በዚያን ቀን አያትሽ የሰርግ ልብሷን ለብሳ ሄደችና ጭቃው መሐል ቁጭ አለች።

«ተነሺ፣ ሰው ያይሻል» አልኳት።

«አንተ ምን አገባህ? እንግዳ ነህ» አለችኝ።

ምስጋናዬ ይቺ ነበረች። ቆይታ ግን ከጭቃው ውስጥ ቀና ብላ፣ «ስሞት ሬሳዬ ይህን መሬት እንዳይበላው» አለች። «ቃል ግባልኝ።» ገባሁላት። ጎሹን የሸጠ ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?

ቀልድ እንዳይመስልሽ። እናትሽ የሞተች ቀን አጎትሽ ገና ጢሙ ሳይሞላ «እንግዲህ ሬሳ አለን» ብሎ ነበር። አያትሽ አምባሮቿን ከእጇ አውልቃ ሸጠችና ልጇን ቀበረች። ከዚያ ወዲህ እጇ ባዶ ነው።

ሱታን ባጊንዶ


ጃካርታ
ኤፕሪል 15፣ 1979

አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? አሁንም ሱራው ነዎት? አያቴ እስካሁን ካልታረቀችዎ ያጠፉት ጥፋት ትልቅ መሆን አለበት።

ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ማስሪል ይባላል። ከእኔ ሁለት ሱቅ ወዲያ ቁልፍና ዚፕ ይሸጣል። ጎሳው ከእኛ የተለየ መሆኑን ከሰላምታ ቀጥሎ ነው የጠየቅኩት፤ እሱም ሳቀብኝ። ጆሮው በፎቶው ላይ የተለቀ ይመስላል። አይደለም፤ እውነትም ትልቅ ነው። ለአያቴ ያሳዩልኝ። እርስዎ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ የምፈልገው የእሷን ነው።

አባባ፣ ተቆጥታብኛለች እንዴ? በየደብዳቤው ሰላምታ እልክላታለሁ፤ አንድ ቃል አይመጣልኝም። ስድብ እንኳ የለም። ድሮ የገበያ ሰው አስጽፋም ቢሆን ትሰድበኝ ነበር። ሳልመጣ በመቅረቴ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በሞቷ በመሳቄም ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ሰሞኑን ያ ቴሌግራም ማሳቁን ትቷል፤ አንስቼዋለሁ።

ልምጣ? «ነዪ» ይበሉኝና ነገ እነሳለሁ።

ዴስማ


ኮቶ ራንታይ
ሜይ 6፣ 1979

ዴስማ፣

አትምጪ።

ፎቶውን ወሰድኩላት። ፊት ለፊቷ አደረግኩትና ነፋስ እንዳይወስድባት ጠጠር ጫንኩበት። ስለ ጆሮው አላጉረመረመችም። ይቅርታሽንም ነገርኳት። ተቆጥታብሽ እንደሆነ ጠይቀሻል፤ እኔን አልነገረችኝም።

እኔ ግን እላለሁ፤ ጆሮው ጥሩ ነው። አንቺን የሚያገባ ሰው ብዙ የሚሰማው አለ።

አሁን ቶሎ በይ። አጎትሽ በሽማግሌዎቹ ጉባኤ ተነስቶ «የደረሰች ልጃገረድ ቤታችን አለች» ብሎ ተናግሯል። ባልም አግኝቶልሻል፤ የሩዝ ወፍጮው ባለቤት ነው። ሁለት ሚስት አለው፣ ከጥርሱ ይልቅ የወፍጮው ጥርስ ይበዛል። የሰርግሽ ወጪ ማሳውን ይወስዳል፣ ባልየው ደግሞ መልሶ በመያዣ ይይዘዋል። መሬትሽንም አንቺንም በአንድ ቀን ሊያገባችሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ጾሙ ሳይገባ መልስ እንሰጣለን ብለዋል። የባለ ጆሮው ሚስት ሆነሽ ከቆየሻቸው የሚሰጡት መልስ አይኖርም።

ድግስ አትደግሺ፤ ቀሚስ አትምረጪ። የምታለቅሺም ከሆነ ከፈረምሽ በኋላ አልቅሺ።

ሱታን ባጊንዶ


ጃካርታ
ጁላይ 8፣ 1979

አባባ፣

ሆነ! ሜዳን ከተማ የሚኖረው አባቴ የጋብቻ ውክልናውን ልኮ ባለፈው ሐሙስ ኒካሁ ታሰረ። አራት ልብስ ሰፊዎች፣ አንድ ሻሂ ሻጭ፣ በቃ። ማስሪል ቃሉን ሲሰጥ ድምፁ ጠፋበትና ቃዲው «አንተ ልጅ፣ ዚፕህ ተጣብቋል እንዴ?» አለው። አጎቴ እንዲያውቀው የምስክር ወረቀቱን ግልባጭ ለሽማግሌዎቹ ልኬዋለሁ።

አሁን ልጃገረድ የለም፤ አሁን መምጣት እችላለሁ። ለበዓል እንገባለን፤ የአውቶቡስ ቦታ ይዘናል። ማስሪል እርሻ ልማር እያለ ነው፤ የወገቡን ነገር አልነገርኩትም።

ለአያቴ የናስ ሙቀጫ ገዝቻለሁ፤ ያቺ ትንሿ፣ የምታኘከውን የሲሪህ ቅጠል የምትወቅጥባት። ጥርሷ አልቋል ብለው ስለነበር ነው። እጀታው ላይ ስሟን አስቀርጬበታለሁ፤ ጃዋኒስ። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ራሴ እወቅጥላታለሁ፤ ያን ጊዜ ሳትወድ ታወራኛለች። እስከዚያ ዝም ትበል፤ ግድ የለም። መምጣቴን ይንገሯት፤ ምን እንዳለችም ይጻፉልኝ።

ዴስማ


ኮቶ ራንታይ
ጁላይ 27፣ 1979

ዴስማ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። የምስክር ወረቀቱ በደረሰ ቀን አጎትሽ የሚኒባሱን ሥዕል ከሱቁ ግድግዳ አወረደ። ማሳው ከነጭቃው ያንቺ ነው፤ አሁን ማንም አይነካውም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ብድግ በይ ብዬሽ ነበር። አሁን ተቀመጪ።

ሙቀጫውን ለራስሽ አስቀምጪው። አያትሽ ጃዋኒስ ጃንዋሪ 12፣ ዓርብ ጧት ሞታለች። ቴሌግራሙ እውነት ነበር። የፓክ ኡዲን እንባም የገዛ እንባው ነበር፤ ወላጆቹ የሞቱበት ጊዜ አያትሽ ናት ያበላችው። ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው። እዚህ ሲመለስ አላናገረኝም፤ አንቺን ያናግርሽ እንደሆነ እንጃ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን፣

«ዴስማን ጥራት» አለችኝ።

«ማሳውስ?» አልኳት።

ከዚያ «ጥራት» አለች ደግማ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አልጠራሁሽም። ቤት ውስጥ ሬሳ ተጋድሞ፣ ባል የሌላት ልጅ ራስጌው ላይ እያለቀሰች፣ አጎትሽ ወረቀቱን ይዞ ደረጃው ላይ፤ ሃጂው ካሰበውም የተመቸ ነበር። ከሁለቱ ቃሏ አንዱን ማፍረስ ነበረብኝና ከጭቃው ውስጥ የተናገረችውን ጠበቅኩላት። በራሴ ከፈን ገነዝኳት፤ መቅበሪያ ጠፋ የሚል ሰው እንዳይኖር። አጎትሽንም ሰው አልላክሁበትም። ከፓዳንግ ሲመለስ አፈሩ ረግቶ ነበር። ሱራው ደጃፍ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ልጅ፣

«አንተ ሰው ነህ?» አለኝ። «እናቴን ሳላያት ቀበርካት!»

«ብታገኛት ዋጋ ትጠራባት ነበር» አልኩት።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቴሌግራሙን የላከልሽ ከዚያ ተነስቶ ነው። ለማሳው ይሁን ለእናቱ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው «ለእናቴ» ይለኛል፣ እኔም ማመን ይኖርብኛል።

ከፌብሩዋሪ ወዲህ የላክሽውን ሰላምታና ይቅርታ ሁሉ መቃብሯ ላይ አንብቤላታለሁ። ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም ብትይኝ፣ ያኔ ትመጪ ነበር። ሌላ መልስ የለኝም፤ ይቅርታም አልጠይቅሽም። እሷም ጎሹን አስሸጥኩህ ብላ ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

ስትመጪ ልትሰድቢኝ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ሱራው ደጅ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ እጠብቅሻለሁ፤ ማሳው ከዚያ ጥሩ ይታያል። ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።

ውሸታም ካልሽኝ ግን እከራከርሻለሁ። ደብዳቤዎቼን አውጪና እንደገና አንብቢ። ሳሉ ለቋት ነበር፤ ጥሩ ትተኛለች ያልኩሽም እውነት ነው። ከቤትም አስወጥታኛለች፤ ሚስቱ የሞተችበት እንግዳ በሚስቱ ቤት አያድርም። ፎቶውን ሳሳያት አላጉረመረመችም። ዓርቡ፣ ዝናቡ፣ የሚናደው ጭቃ፣ ሳል አስመስዬ ማልቀሴ፣ ሁሉም እውነት ነው።

የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዳክዬ ኖሮን አያውቅም።

ሱታን ባጊንዶ